አሮጊቷ ባለ 50 ዋት ለጥር ሰርግ ትበቃ ይሆን?

ህዳር 17

ጾሙ ከገባ ወዲህ ሆቴሉ ሙዚቃውን በሳምንት አንድ ምሽት ብቻ አድርጎታል። እኔም ፋታ አገኘሁ። ዛሬ አልጋ ሥር የምትተኛውን አሮጊት ጎትቼ አወጣኋት።

አሮጊት የምላት የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየሬን ነው። ባለ ቫልቭ ናት፤ ቫልቭ እንደ አምፖል የሚግል፣ ድምፅ የሚያጎላ የብርጭቆ ቱቦ ነው፤ ቲዩብ የሚሉትም አሉ። አዲስ አበባ አንድ ባንድ ተበትኖ ዕቃው ሲሸጥ ከሦስት ዓመት በፊት እኔ ጋ ደረሰች። ፊቷ ላይ የነበረው ስም ተነቅሏል። የቀረው ሁለት የቪቴ ቀዳዳ ነው። ከኋላዋ 110፣ 220 እና 240 ቮልት የሚል መምረጫ አላት። ለስፒከር ደግሞ 4፣ 8 እና 16 ኦም የሚል ሌላ መምረጫ አለ፤ ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት ልክ ነው። ውስጧ ሁለት ትልልቅ 6ኤል6 ቫልቮችና ሦስት ትንንሽ 12ኤኤክስ7 አሉ። ሁለት 6ኤል6 ማለት 40፣ ግፋ ቢል 50 ዋት ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ድራመራችን «50 ዋት? የቤት ቴፕ ነው እንዴ?» ይላል። የሆቴሉ ቫልቭ የሌለው፣ የትራንዚስተር ቤዝ አምፕ ጀርባው ላይ 300 ተጽፎበታል። ጥር ላይ እዚህ ባህር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ ድንኳን ውስጥ ሰርግ ይዘናል። አሮጊቷ ቤት ውስጥ ድምፅዋ እንደሚጥም አውቃለሁ። ከኔ ጋር ሰው ፊት ወጥታ ግን አታውቅም። እስከዚያ ሁለት ወር አለኝ። የምሠራውን እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

ህዳር 19

ከገበያው ወረድ ብሎ የድሮ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሰው አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ቫልቭ ያለበት ዕቃ የሚደፍር ሌላ ሰው አላገኘሁም። በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። ሲያዩዋት ፈገግ አሉ። «አባቴ ይቺን የመሰለች ሬዲዮ ነበረቻቸው። ዜና ሊሰሙ ቀድመው አብርተው እስክትሞቅ ቡና ይጠጣሉ» አሉኝ።

ትሠራ እንደሆነ ለማየት ለአንድ ደቂቃ አበራናት፤ አጠፋናት፤ ስፒናዋን ነቀልን። ቪቴዎቹን ፈትተን ቻሲውን፣ ዕቃው ሁሉ የተያያዘበትን ብረት፣ ከሳጥኑ አወጣን። ጋሼ የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ቻሲው ላይ ቆንጥጠው ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቀዩን በቀኝ እጃቸው ይዘው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ላይ አስጠጉ። ከተነቀለች አምስት ደቂቃ አልፏታል። ቴስተሩ 310 ቮልት አለ።

«አየህ? ተኝታለች እንጂ አልሞተችም» አሉ። ከዚያ ሽቦ በተበየደበት ትልቅ ሬዚስተር ቀስ ብለው አፍስሰው ዜሮ አወረዱት። እጅ ኪስ የሚገባው ኤሌክትሪኩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በደረት በኩል እንዳይሻገር ነው። ይህን ያስረዘምኩት ቤቱ ያለችውን ሊከፍት የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ብዬ ነው። ካልለመድከው አትክፈት። የሚያውቅ ሰው ፈልግ።

በሽታዋ ወዲያው ታየ። ሁለት ኮንደንሰር አናቱ አብጧል። አንዱ ሥሩ ላይ ቡናማ ነገር አልቅሷል። ስትበራ የምታጉረመርመው ለዚህ ነበር። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል። ወደ ዲሲ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኤሌክትሪክ፣ ሲለወጥ ኮንደንሰሩ ካላጣራው 100 ኸርዝ ጉርምርምታ ይተርፋል። የቤዝ ጊታር ቀጭኗ ክር፣ ጂ፣ ባዶዋን ስትመታ 98 ኸርዝ ናት። ሁለቱ ሲገናኙ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ያህል ዋው፣ ዋው፣ ዋው ይላሉ። ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ «ይቺ ክር አልቃኝ አለች» እያልኩ መቃኛውን ሳጠማዝዝ የኖርኩት በከንቱ ነው!

ህዳር 27

ኮንደንሰሮቹ ከመርካቶ መጡ። የሰፈር ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመለስ በካልሲ ጠቅልሎ ይዞልኛል። 500 ቮልት የሚችሉ ናቸው። ከዚያ በታች ያለውን ጋሼ አይቀበሉም።

ቅየራው አንድ ከሰዓት ፈጀ። ካፊያም ስለነበር ደንበኛ አልመጣም። ያሮጌውን እርሳስ መጠጥን፣ አዲሱን በየድን፣ ቀይና ጥቁሩን ሁለት ጊዜ አየን። የእነዚህ ኮንደንሰሮች አቅጣጫ ከተገለበጠ ሊፈነዱ ይችላሉ።

ቀጥሎ የቫልቮቹን ፍሰት ማስተካከል መጣ። ጋሼ እያንዳንዱ 6ኤል6 ሥር አንድ አንድ ኦም ሬዚስተር በየዱ። በ1 ኦም ላይ የሚነበበው ሚሊቮልት ቁጥሩ ራሱ ሚሊአምፔር ነው። ስሌት የለው፣ ራስ ምታት የለው። አንዱ 36፣ ሌላው 38 አሳየ። ቫልቮቹ ላይ ያለው 438 ቮልት ነው። ቢባዛ እያንዳንዳቸው ምንም ሳልጫወት 16 ዋት ገደማ በሙቀት ያወጣሉ። የ6ኤል6ጂሲ ጣሪያ 30 ዋት ስለሆነ ዕድሜያቸው ይረዝማል።

አበራናት። ዝም። እውነት ለመናገር የሞተች መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ ስሰማ ትንሽ እፍፍ የሚል ነገር አለ። ሌላ ምንም የለም። ጂ ክሯን መታሁ። ቀጥ ብላ ቆመች።

ጋሼ ሲሸኙኝ «ስፒከር ሳትሰካ እንዳታበራት» አሉኝ። ይህንን ቫልቭ ያለው ሁሉ ማወቅ አለበት። አብዛኛው የትራንዚስተር አምፕ ያለ ስፒከር ቢበራ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የቫልቭ አምፕ ያለ ስፒከር ከተጫወትክበት መውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። እሱ ደግሞ ከዕቃዋ ሁሉ ውዱና የማይገኘው ነው።

ታህሳስ 3

ዛሬ ብረት አልነካሁም። ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጬ ቁጥር ስጽፍ ዋልኩ።

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው። 3 ዴሲቤል ማለት «ትንሽ ጨመረ መሰለኝ» የምትለው ያህል ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ 10 እጥፍ ዋት ነው። ስለዚህ የሆቴሉ 300 ከኔ 50 የሚበልጠው በ8 ዴሲቤል ገደማ ነው። ይበልጣል፤ ግን ወረቀቱ ላይ እንደሚያስፈራው 6 እጥፍ አይጮህም።

ሁለተኛው ነገር ስፒከሩ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያይም። አንድ ስፒከር 1 ዋት ሰጥተኸው 1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ይጻፍበታል። የሆቴሉ ባለ 15 ኢንች ሳጥን 95 ይላል። 300 ዋት 25 ያህል ይጨምርለትና 120 ይደርሳል። ሊድ ጊታሪስታችን ጋ ከተሰበረ ሳጥን የተረፉ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች አሉ። አንድ ሳጥን ውስጥ ሲገቡ 101 ይጠጋሉ። የኔ 50 ዋት 17 ይጨምራል። 118።

ሁለት ዴሲቤል! የፈራሁት ልዩነት አለቀ። አሮጊቷን መሸጥ ሳይሆን አናጢ መፈለግ ነው ያለብኝ።

ይህ ዋት የሚሉት ነገር ታሪክም አለው። አምፔግ የሚባለው የአሜሪካ አምፕ ሠሪ በፈረንጆቹ 1960 ያወጣው ቢ-15 የሚባለው የቤዝ አምፕ 25 ዋት ነበር፤ ስፒከሩም አንድ ባለ 15 ኢንች። ሞታውን የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ቤት ቤዚስት፣ ጄምስ ጀመርሰን፣ የተጫወተበት ነው። ያው ኩባንያ በ1969 ኤስቪቲን አወጣ። 300 ዋት፣ ቫልቭ፣ ብቻውን 40 ኪሎ የሚጠጋ። በ9 ዓመት 12 እጥፍ። ቤዚስቶች በአንዴ አልደነቆሩም። መድረኩ ነው የሰፋው። በዚያን ጊዜ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ በአብዛኛው የዘፋኙን ድምፅ ብቻ ነበር የሚያወጣው። ቤዙ ኋላ ያለው ሰው ጋ ለመድረስ ከራሱ አምፕ ሌላ ረዳት አልነበረውም።

ዛሬ ባህር ዳር ውስጥ ትንሿ ሰርግ ላይ እንኳ ሁለት ሞንታርቦ ግራና ቀኝ ይቆማል። ይህን ሳስብ ጥያቄዬ ራሱ የተሳሳተ መሰለኝ። «ትጮሃለች ወይ?» ከማለት «ለማን ነው የምትጮኸው?» ብል ይሻላል። ለድራመሩና ለኔ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ድንኳኑ ጫፍ ላለችው አክስት ከሆነ ሌላ ነው።

ታህሳስ 9

አናጢው ጋ ሄድኩ። 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ተቆረጠ። የሳጥኑን ልክ የወሰነው የድምፅ ሳይንስ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። የወሰነው የባጃጅ የኋላ ወንበር ነው። ሜትር ይዤ መንገድ ዳር የቆመ ባጃጅ ስለካ ሾፌሩ «ልትገዛው ነው እንዴ?» አለኝ። 60 በ60 በ38 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆረጥን። ከዚህ ቢበልጥ በየሥራው ኩንታል መጫኛ መከራየት ነው።

ታህሳስ 13

ሳጥኑ ተጣበቀ፤ በቪቴ ታሰረ። ኮላው እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጠብቄያለሁ። ቀዳዳ የለውም፤ ዙሪያው ድፍን ነው። አናጢው ውስጡን ጥግ ጥጉን በእንጨት ደግፎልኛል። በጡጫ ስመታው ጉም ይላል እንጂ አይንቀጠቀጥም።

የሽቦው ሥራ የኔ ነበር። እያንዳንዱ ስፒከር 8 ኦም ነው። ሁለት ሁለቱን ተከታታይ ሳስር 16 ይሆናል። ሁለቱን ጥንዶች ጎን ለጎን ሳገናኝ ተመልሶ 8። የአሮጊቷን መምረጫ 8 ላይ አደረግሁ። እዚህ ላይ ቫልቭ ደግነት አለው። መምረጫው ከሳጥኑ ጋር እስከተስማማ ድረስ 4ም ሆነ 16 ሙሉ ዋቷን ትሰጣለች። የትራንዚስተር አምፕ ግን ኦሙ ሲጨምር ዋቱ ይቀንሳል። የሆቴሉም 300 የሚለው በ4 ኦም ነው።

ማታ ሰክቼ መታሁ። ቀጭን! እንደ ስልክ ስፒከር። ወፍራሟን ኢ ክር ስመታ ከሳጥኑ ይልቅ ከጊታሩ እንጨት የሚወጣው ይሻላል። ቮልዩም ጨመርኩ፤ ጩኸት ጨመረ፣ ቤዝ አልጨመረም። ሆዴ ቡጭ ቡጭ አለ። ኮምፔንሳቶ፣ አናጢ፣ ኮላ፣ ያ ሁሉ ብር።

ታህሳስ 14

ጠዋት ላይ ገባኝ። የግድግዳ ሰዓቱን ድንጋይ አውጥቼ የእያንዳንዱን ስፒከር ሽቦ ለቅጽበት ነካሁ። አንደኛው፣ ወረቀቱ ወደ ውጭ ቱክ። ሁለተኛው፣ ወደ ውጭ። ሦስተኛው፣ ወደ ውጭ። አራተኛው ወደ ውስጥ ገባ። ቀይና ጥቁሩን ገልብጬ ሰክቼዋለሁ።

ሦስቱ አየሩን ሲገፉ አንዱ ይስባል። የሚስበው የአንዱን ገፊ ሥራ ያጠፋል። ከአራት ስፒከር የሁለት ብቻ ግፊት ይተርፋል፤ ያ በቤዝ ላይ 6 ዴሲቤል ነው። 6 ዴሲቤል ማለት አራት እጥፍ ዋት። በሌላ አነጋገር በአንዲት የተገለበጠች ሽቦ 50 ዋቷን 12 አድርጌያታለሁ። ስንት ሰው ይሆን ሽቦ ገልብጦ «አምፑ ደካማ ነው» ብሎ የሸጠ?

ሽቦውን መለስኩ። ኢ ክሯን መታሁ። ጓዳ ያለው የብርጭቆ መደርደሪያ ተንጫጫ። እናቴ ከውጭ «ምን ወደቀ?» አለች።

ታህሳስ 18

ልምምድ። ድራመሩ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ «በል እስቲ ቴፕህን ክፈት» አለኝ።

ቮልዩሙ 4 ላይ ጀመርን። ቀስ ያለ ትዝታ ነበር፤ ከበቂ በላይ ሆነ። ወደ ችክችካ ስንገባ ድራመሩ ሆን ብሎ ጠነከረ። አውቀዋለሁ። 6 ላይ አደረስኳት፤ ተሰማሁ። 7 ላይ ድምፁ መወፈር ጀመረ። ከ7 በኋላ ጩኸት አይጨምርም፤ የሚጨምረው ውፍረት ነው። ሻካራ፣ እንደ ጎልማሳ ጉሮሮ።

ሰዎች «የቫልቭ ዋት ይበልጣል» የሚሉት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ዋት ዋት ነው፤ አይበልጥም። የትራንዚስተር አምፕ ሲያልቅበት በአንዴ ጫፉ ይቆረጥና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተጫዋቹ ፈርቶ ግማሹን ሳይጠቀምበት ይተዋል። ቫልቭ ሲያልቅበት ቀስ ብሎ ይጨመቃል። እስከ መጨረሻው ሄደህ ትንሽም አልፈህ ትጫወታለህ፤ ሰሚው የሚሰማው ሙቀት ነው። ጥርት ያለ፣ ንጹሕ ቤዝ የሚወድ ሰው ግን ይህን አይወደውም። ለሱ 50 ዋት ከድራም ጋር ያንሰዋል። በግልጽ መናገር ይሻላል።

የስልክ ዴሲቤል መለኪያ ሞክሬ ነበር። ስጫወት መርፌው ብዙም አልተነሳም፤ ድራሙ ሲመታ ግን ዘለለ። ለካ መለኪያው «ኤ» በሚባለው ሁነታ ላይ ነበር። «ኤ» ዝቅተኛ ድምፅን ሆን ብሎ ይቀንሳል፤ 40 ኸርዝ አካባቢ ከ34 ዴሲቤል በላይ ይጥላል። የቤዝ ጊታር ባዶ ኢ 41 ኸርዝ ናት! ወደ «ሲ» ስቀይረው ሰው ሆነ። የስልክ ማይክ ራሱም ለቤዝ ስላልተሠራ ቁጥሩን አላመንኩትም። ከቅድሙ ጋር ለማወዳደር ግን ይረዳል።

የዛሬው ትልቁ ግኝት ሌላ ነው። እንደ ሁልጊዜው ሎው የሚለውን ማዞሪያ 7 ላይ፣ መሃሉን 4 ላይ አድርጌ ነበር። ብቻዬን ስጫወት ድምፁ ግርማ አለው። ድራሙ ሲገባ ግን እጠፋለሁ። ከዚያ ገለበጥኩት፤ ሎው 4፣ መሃል 7። ብቻዬን ስሰማው አስቀያሚ ነው፤ አፍንጫ አፍንጫ ይላል። ድራሙ ሲገባ ቁጭ አለ። እያንዳንዱ ኖታ ተቆጥሮ ተሰማ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሎው ላይ 3 ዴሲቤል መጨመር እዚያ ቦታ እጥፍ ዋት መጠየቅ ነው። ያን ሁሉ ዋት አፍስሼ የማገኘው ከእግር ድራሙ ጋር የሚጋጭ፣ ትንንሾቹ ስፒከሮችም በቅጡ የማያወጡት ነገር ነበር። ጆሮ ደግሞ 41ን የሚያውቀው በአብዛኛው ከላዩ ባሉት በ82ና በ123 ነው። የዋልያስ ባንዱን የመላኬ ገብሬን ቤዝ ልብ ብሎ የሰማ ይህን ያውቀዋል፤ ክብ ነው፣ መሃሉ ሙሉ ነው።

ስንጨርስ ድራመሩ ምንም አላለም። ካልቀለደ አምኗል ማለት ነው።

ታህሳስ 24

የሆቴሉ ምሽት፤ የግቢው ሣር ላይ፣ ውሃው ዳር። ኪቦርድ፣ ድራም፣ ሊድ፣ እኔ፣ አንዲት ዘፋኝ። ሰው ጥቂት ነው። አሮጊቷን ብቻዋን ፈተንኳት፤ ቤዙን ወደ ሞንታርቦ አላስገባንም።

ፊት ያሉት ሦስት አራት ጠረጴዛዎች ጋ ጥሩ ነበር። ገመዴ ረጅም ስለሆነ እየተጫወትኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይወድቃል። ግድግዳ የለ፣ የሚመልስ ነገር የለ። 16 ሜትር ላይ ስደርስ ቤዙ አለ፤ ደረት ላይ ግን የለም።

አንድ ነገር ደግሞ አስገረመኝ። ሰዓቱ ሲገፋ ድምፁ ለስለስ፣ ዝግ አለብኝ። እረፍት ላይ ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ ሰካሁ። 196 ቮልት! ቀን ላይ 218 ነበር። ማታ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይደክማል። 220 የለመደችው አሮጊት 196 ሲሰጣት 50 ዋቷ ወደ 40 ይወርዳል። በጩኸት 1 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ማንም አይሰማውም። ጣቴ ግን ይሰማዋል፤ ክሩ የላላ ያህል ነው። ወደ 3 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ 228 ሰጠን፤ አሮጊቷም ነቃች። በመብራት መጥፋት የተደሰትኩበት የመጀመሪያ ምሽት ነው። ለሰርጉ ስታብላይዘር እይዛለሁ።

ዕቃ ስንሰበስብ ጀልባ የሚነዳ ልጅ መጣ። ከዘጌ በኩል ሲመለስ ውሃው ላይ ሩቅ ሆኖ ሰምቶናል። «ዘፈኑን አልለየሁትም፣ ቤዙ ግን ዱም ዱም ይላል» አለኝ። ማታ ውሃው ላይ ያለው አየር ከላዩ ካለው ሲቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ሰማይ ከማምለጥ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ተከትሎ ይሄዳል። ቀጭኑን ድምፅ ደግሞ አየሩ በመንገድ ይበላዋል። እኔ ሣሩ ላይ 16 ሜትር አልደርስ ብዬ ስጨነቅ ሐይቁን ተሻግሬያለሁ።

ታህሳስ 29

ገና። ዶሮ። አሮጊቷም አረፈች።

ጥር 5

ከሳውንድ ማኑ ጋር ተከራከርን። እሱ «ብሮ፣ በዲአይ ቦክስ ቀጥታ ወደ ሚክሰር እንውሰደው፤ አምፕ ምን ያደርጋል?» ይላል። ዲአይ ቦክስ የጊታሩን ድምፅ ያለ አምፕ ወደ ሚክሰር የሚያስገባ ትንሽ ሳጥን ነው። እውነት አለው። ከጊታሩ ቀጥታ ሲገባ ንጹሕ ነው፤ የሌላ ዕቃ ድምፅ አይቀላቀልበትም። ግን ያ የአሮጊቷ ድምፅ አይደለም። ቫልቭና ስፒከሩ የሚያወፍሩት ከዲአይ በኋላ ነው። እኔ ማይክ ይሁን አልኩ። እሱ «ድንኳን ውስጥ ከበሮው ሁሉ ማይኩ ውስጥ ይገባል» አለ። ይህም እውነት ነው።

ሞከርን። ማይኩን ስፒከሩ መሃል ፊት ለፊት ስናደርገው ሸካራ ሆነ። አራት ጣት ያህል ወደ ጎን፣ ወደ ወረቀቱ ጠርዝ ስንወስደው ለዘበ። ጨርቁን ሊነካ እስኪል አስጠጋነው። ቅርብ ሲሆን ቮልዩሙን ዝቅ አድርጎ ይጠቀምበታል፤ ከበሮውም ያን ያህል አይገባም። ከዚያ ሁለቱንም ቀላቀለ፤ ታቹን ከዲአይ፣ መሃሉን ከማይክ። መጀመሪያ ቤዙ ሳሳ። ተያየን። ሚክሰሩ ላይ የማይኩን አቅጣጫ የሚገለብጠውን ቁልፍ ተጫነ፤ ሞላ። ያው የአራተኛው ስፒከር ጉዳይ በሌላ ልብስ መጣ።

ጥር 11

ጥምቀት። ዛሬ ሥራ የለም፤ ግን ጆሮ አያርፍም። ታቦቱን የሚያጅበውን ከበሮ ከስንት መንገድ ማዶ ነው የሰማሁት። ያለ ዋት፣ ያለ ስፒና። ሰርጉ ላይም ከበሮ መኖሩ ትዝ ሲለኝ ትንሽ ሰጋሁ።

ጥር 18

ትላንት ሰርጉ ነበር። እጄ አሁንም ተሳስሯል።

ድንኳኑ ትልቅ ነው፤ ሦስት መቶ ሰው ይይዛል። ጠዋት ሳውንድ ቼክ ላይ ሞንታርቦው ሳይበራ አሮጊቷን 7 ላይ አድርጌ እንዲሰማልኝ አንድ ልጅ መጨረሻ ረድፍ ሰደድኩ። ባዶ ድንኳን ነበር፤ እንዲያም ሆኖ እጁን አወዛወዘ። አልደረሰችም። ይኸው መልሱ፤ ብቻዋን አትበቃም። 25 ሜትር ላይ በወረቀት እንኳ ከ118ቷ 28 ይወድቃል። ያ ደግሞ ጣሪያው ነው፤ ሰው፣ ልብስና ጭብጨባ ሳይገባበት። ሆኖም የሆቴሉ ባለ 300ም ብቻውን አይበቃም ነበር። የሱም ትርፍ ሁለት ዴሲቤል ነው።

ቤዙን ወደ ሞንታርቦው ስናስገባ አሮጊቷ ሸክሟ ቀለለ። 5 ላይ አወረድኳት። ሥራዋ እኔ፣ ድራመሩና ኪቦርዲስቱ እንድንሰማ ብቻ ሆነ። ስታብላይዘሩ 220 አካባቢ ያዘላት።

የከበሮው ነገር እንደሰጋሁት መጣ። የጎጃም እስክስታ ሲጀመር ሁለት ከበሮ መቺዎች ቀጥታ አምፑ ፊት ቆሙ። የከበሮው ሰፊ ፊትና የኔ ታችኛው ክር አንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ይጋፋሉ። ድሮ ብሆን ቮልዩም እጨምር ነበር። ትላንት ሎውን ወደ 3 አወረድኩና ጨዋታዬን አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ወሰድኩት። ታቹን ለከበሮው ተውኩለት። ጨፋሪው ሲሞቅ ድራመሩ ዞሮ ጮኸብኝ፤ አፉን እንጂ ድምፁን አልሰማሁም። «ጨምር» ያለ መስሎኝ ወደ ማዞሪያው ስሄድ እጁን ወደ ታች ደጋገመ። ቀንስ ነው የሚለው።

ምሳ ላይ የሙሽራዋ አጎት መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ሳጥን ያንተ ነው? ጉበቴን ነው ያነቃነቀው» አሉ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየሁትም። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ማታ ስንጨርስ ቫልቮቹ እስኪቀዘቅዙ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። በትኩስነታቸው ባጃጅ ላይ ቢንገጫገጩ ውስጣቸው ሊጎዳ ይችላል። ሁሉም ሄዶ እኔና ድራመሩ ተጣጥፎ በተቀመጠ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን የአሮጊቷን ጀርባ እናያለን። ብርቱካናማው ብርሃን ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ለመሆኑ ስንት ዋት ናት አልከኝ?» አለኝ።

«50።»

«እኔ ጋ ያለው የሊድ ጊታር አምፕ 15 ነው። እሱስ?»

15 ከ50 የሚያንሰው 5 ዴሲቤል ነው። ለልምምድ በዝግታ ከተጫወትን ይሆናል፤ ከድራም ጋር ንጹሕ ቤዝ አይሰጥም፤ በማይክ ሞንታርቦ ውስጥ ከገባ ደግሞ... ስፒከሩ ግን ለሊድ ጊታር የተሠራ ነው፤ በቤዝ ይቀደዳል። ከአራቱ ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ጋር መሰካት ይኖርበታል። መውጫው ስንት ኦም እንደሆነ ጠየቅሁት። አያውቅም። ነገ ቤቱ ሄጄ ጀርባውን አነባለሁ፤ ከዚያ ጋሼ ጋ ነው።